ከምግብ በኋላ ስኳር ለምን ከፍ ይላል?



«ጠዋት በባዶ ሆዴ ስለካ ስኳሬ ደህና ነው። ታዲያ ውሃ ውሃ የሚያሰኘኝ፣ ሽንት የሚያመላልሰኝ ለምንድን ነው?» የሚሉ የስኳር ሕመምተኞች አሉ። የጠዋቱ ልኬት የቀኑን ሁሉ አይናገርም። ስኳሩ ከፍ የሚለው ከምግብ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ኪስራ ወይም አሲዳ ስንበላ ምግቡ አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ግሉኮስ ወደሚባል ስኳር ይለወጥና ደም ውስጥ ይገባል። በጤነኛ ሰው ላይ ቆሽት ወዲያው ኢንሱሊን ይለቃል፤ ኢንሱሊንም ስኳሩን ከደም አውጥቶ ወደ ጡንቻና ወደ ሌላው አካል ያስገባዋል። የስኳር ሕመም ባለበት ሰው ላይ ግን ኢንሱሊኑ የለም፣ ወይም ያንሳል፣ ወይም ሰውነቱ በደንብ አይሰማውም። ጉበትም ያጠራቀመውን ስኳር መልቀቁን ቶሎ አይተውም። ስለዚህ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቆያል። እንዲህ እየሆነ ዓመታት ሲያልፉ ዓይንን፣ ኩላሊትንና የእግር ነርቭን ይጎዳል።

እስቲ እናስላ

አንድ አዋቂ ሰው 5 ሊትር ያህል ደም አለው። ስኳሩ በዴሲሊትር 100 ሚሊግራም ከሆነ፣ ደሙ ሁሉ ውስጥ ያለው 5 ግራም ብቻ ነው፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ካርቱም የኖረ ሰው የመንገድ ዳር ሻይን ያውቃል፤ ስኳሩ ብርጭቆው ሥር ይተኛል። 3 ማንኪያ ማለት 12 ግራም ነው። ከዚህ ግማሹ ግሉኮስ ስለሆነ፣ በአንድ ብርጭቆ ብቻ 6 ግራም ይገባል ማለት ነው። በቀን 4 ብርጭቆ የሚጠጣ ሰውስ? መምህራን ይህን ስሌት ክፍል ውስጥ ቢያሠሩት ጥሩ ነው።

ምን እናድርግ?

ከጦርነቱ በፊት በካርቱም እንደ ጃብር አቡ አልኢዝ ማዕከል ያሉ የስኳር ሕክምና ቦታዎች ብዙ ሕመምተኞችን ያስተናግዱ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከጀመረ በኋላ ግን ብዙ ሆስፒታሎች ተዘጉ፣ መድኃኒትም ጠፋ። ሐኪም በራቀበት ቦታ በእጃችን ያለውን ማወቅ ይጠቅማል።

1. ከሁሉ በፊት የሻይ ስኳርና ለስላሳ ይቀነስ።
2. እንጀራው ወይም ዳቦው ከሳህኑ ሩቡን ይያዝ። ሌላው ሩብ ፉል፣ ምስር ወይም እንቁላል፣ ግማሹ አትክልት ቢሆን ይመረጣል። አትክልት ከጠፋ ምስሩንና ፉሉን ጨመር ማድረግ ነው።
3. ወጡን ቀደም አድርጎ፣ ዳቦውን በኋላ መብላት የስኳሩን አወጣጥ ያዘገያል።
4. ከምግብ በኋላ 15 ደቂቃ በጥላ ሥር ወዲያ ወዲህ ማለት ጥሩ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ስኳር ይወስዳል።
5. የመለኪያ ወረቀት ጥቂት ከሆነ አንዱን ከምግብ በፊት፣ ሌላውን ምግቡን ከጀመሩ 2 ሰዓት ሲሞላ ይጠቀሙበት። ልዩነቱ ያ ምግብ ምን እንዳደረገ ያሳያል። እርጉዝ ላልሆኑ አብዛኞቹ አዋቂዎች ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ከ180 በታች ጥሩ ነው።

ጥንቃቄ!

«ስኳሬ እንዳይጨምር» ብሎ ምግብ መተው አደገኛ ነው፤ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ለሚወስድ ሰው። መድኃኒትንም በራስ ፈቃድ ማቆም አይገባም። አንድ ተማሪ ወይም መምህር ድንገት ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተምታታ ስኳሩ ወርዶ ይሆናል። ያኔ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት ነው። በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ይደገምለት። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አታድርጉ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የስኳር ሕመምተኛ ምግብ አይከለከልም። ምን ያህል፣ ከምን ጋር እና መቼ እንደሚበላ ካወቀ ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ይችላል።