ሲኒውን የሚያነሳው እጃችሁ ብቻ አይደለም!



ዛሬ ቡና ስትጠጡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሲኒውን ከረከቦቱ ላይ ታነሳላችሁ፣ ወደ አፋችሁ ታደርሳላችሁ፣ ቡናው አይደፋም፣ ጨዋታችሁም አይቋረጥም። ቀላል ይመስላል አይደል? ግን ለዚህች አንድ ፉት አንጎላችሁ ብዙ ሠርቷል። ሥራው ሲበላሽ ደግሞ የተበላሸበት መንገድ ችግሩ የት እንዳለ ይጠቁመናል።

🧠 እቅድ

እጃችሁ ገና ሳይንቀሳቀስ የፊተኛው የአንጎል ክፍል ማቀድ ይጀምራል። በ1965 ኮርንሁበር እና ዴኬ የተባሉ የጀርመን ተመራማሪዎች፣ ሰው በፈቃዱ ጣቱን ከማንቀሳቀሱ አንድ ሰከንድ ያህል ቀደም ብሎ አንጎሉ ውስጥ የኤሌክትሪክ ለውጥ እንደሚታይ አሳይተዋል።

🧠 ትእዛዝ

ትእዛዙን የሚያስተላልፈው ሞተር ኮርቴክስ ይባላል። መልእክቱ በህብለ ሰረሰር ወርዶ በነርቭ በኩል ጡንቻ ጋ ይደርሳል። አብዛኞቹ መስመሮች ህብለ ሰረሰር ከመግባታቸው በፊት ስለሚሻገሩ፣ ቀኝ እጃችሁን የሚያዘው የግራው አንጎል ነው።

👉 እዚህ መስመር ላይ ደም ሲቋረጥ ወይም ሲፈስ ስትሮክ እንላለን። ምልክቱ በድንገት ይመጣል፦ አንድ እጅ ወይም እግር ይዝላል፣ አፍ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል፣ ንግግር ይኮላተፋል።

🧠 ማስጀመሪያ

አንጎል ውስጥ በጥልቀት የሚገኙት ቤዛል ጋንግሊያ የተፈለገውን እንቅስቃሴ ይለቃሉ፣ ያልተፈለገውን ይይዛሉ። ለዚህ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር ያስፈልጋቸዋል።

👉 ዶፓሚን የሚያመርቱት ሴሎች ቀስ በቀስ ሲሞቱ ፓርኪንሰን ይመጣል። ሰውየው ጉልበት አላጣም፤ መጀመር ግን ያቅተዋል። ቁልፍ መቆለፍ ረጅም ጊዜ ይወስድበታል፣ ጽሑፉ ያንሳል፣ ሲራመድ አንድ እጁ አይወዛወዝም። እጁ ጭኑ ላይ አርፎ ሳለ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ሲኒ ሲያነሳ ግን ብዙ ጊዜ ይቀንስለታል። ጭራሽ የማይንቀጠቀጡም አሉ።

🧠 ማስተካከያ

ከኋላ በኩል ያለው ትንሹ አንጎል፣ ሴሬቤለም፣ የታቀደውንና እየሆነ ያለውን እያመሳከረ ስህተትን ያርማል።

👉 ይህ ሲጎዳ እጅ ሲኒው ጋ በተጠጋ ቁጥር መንቀጥቀጡ ይብሳል፣ አረማመድም ይንገዳገዳል። የሰከረ ሰው የሚንገዳገደው አንዱ ምክንያት አልኮል ይህን ክፍል ስለሚያውከው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ብዙ ቤተሰብ ሁለት ስህተት ይሠራል።

❌ አንደኛው «ምች ነው የመታው» ብሎ መጠበቅ ነው። የፊት መጣመም ሁሉ ስትሮክ አይደለም፤ የፊት ነርቭ ብቻ ሲታመምም ይከሰታል። ልዩነቱን ግን ቤት ተቀምጦ መለየት አይቻልም። በስትሮክ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ስለዚህ፦
✅ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ።
✅ ምግብም ውሃም አትስጡ፣ ትን ሊለው ይችላል።
✅ ከተቻለ ሲቲ ስካን ወዳለው ሆስፒታል ወዲያው ውሰዱ። ምልክቱ ቢጠፋም እንኳ አትቅሩ።

❌ ሁለተኛው «እርጅና ነው» ብሎ መተው ነው። አባት ልብስ ለመልበስ ሲዘገይ «ሰነፈ» ይባላል፣ ድምፁ ሲቀንስ «አኮረፈ» ይባላል። እሱ ግን ውስጡ እየፈለገ ሰውነቱ አልታዘዝ ብሎታል። ለፓርኪንሰን ሴሎቹን የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን ባይኖርም፣ እንቅስቃሴን በጣም የሚያሻሽል ሕክምና አለ። የአካል ብቃት እንቅስቃሴም ይረዳል። የተጀመረ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት አይቋረጥም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ እጅ በታይሮይድ፣ በአንዳንድ መድኃኒቶች ወይም በጭንቀትም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ይህን አንብባችሁ ለማንም ስም አታውጡ፤ ያያችሁትን ለሐኪም ንገሩ። በስልካችሁ አጭር ቪዲዮ ቀርጻችሁ ብታሳዩን ደግሞ ለእኛ ትልቅ እገዛ ነው።

እስቲ በሚቀጥለው ቡና ላይ የእናትና የአባታችሁን እጅ አስተውሉ። ለውጥ ካያችሁ ዝም አትበሉ።

ለወዳጅ ዘመድ ያጋሩ። መልካም ጤና! 🙏