የሶፍትዌር ተከራይ ሲለቅ ምን ይዞ ይወጣል?

ለድርጅቱ የሂሳብ ወይም የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የሚፈልግ ሰው ዛሬ ሁለት ዓይነት ሻጭ ይገጥመዋል። አንደኛው ፕሮግራሙን መሥሪያ ቤቱ ድረስ አምጥቶ ኮምፒውተሩ ላይ ይጭንለትና ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ሁለተኛው የሚጭነው ነገር የለውም፤ የድረ-ገጽ አድራሻ፣ የመለያ ስምና የይለፍ ቃል ሰጥቶ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ክፍያ ይጠይቃል። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነጻጽረው ዋጋ ነው፦ አንድ ጊዜ ከፍሎ መገላገል ይሻላል ወይስ ጥቂት በጥቂት መክፈል? ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ዋናው አይደለም። ዋናው ጥያቄ ውሉ ሲያበቃ፣ ክፍያው ሲቋረጥ ወይም አከራዩ ሲጠፋ ደንበኛው ምን ይዞ ይወጣል የሚለው ነው። ቤት ተከራይ ሲለቅ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል፤ ግድግዳው የባለቤቱ፣ አልጋው የተከራዩ መሆኑ አያከራክርም። በሶፍትዌር ኪራይ ግን የአከራዩ የቱ ላይ አብቅቶ የተከራዩ የቱ ላይ እንደሚጀምር ብዙ ሰው ሳያውቅ ይፈርማል። ለማወቅ ደግሞ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

አንድ የመድኃኒት መደብር ሠራተኛ ብሮውዘሩ ላይ «የመስከረም ሽያጭ» የሚለውን ሲጫን ጥያቄው በኢንተርኔት ተጉዞ ሰርቨር ወደሚባል፣ ምናልባትም አየርላንድ ወይም ጀርመን ወደተቀመጠ ኮምፒውተር ይደርሳል። እዚያ ያለ ስክሪፕት፣ ማለትም የትእዛዝ ጽሑፍ፣ መጀመሪያ ጠያቂው ማን እንደሆነ ያጣራል። ቀጥሎ ዳታቤዙን፣ ማለትም የመረጃ ማከማቻውን፣ የዚህን መደብር የመስከረም ሽያጭ አምጣ ይለዋል። የመጡለትን ቁጥሮች ደምሮ፣ በሰንጠረዥ አሰናድቶ፣ ያለቀለት ገጽ አድርጎ ይልካል። ሠራተኛው ዘንድ የሚደርሰው ውጤቱ ብቻ ነው። በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ የገጹን ምንጭ ልይ ቢል እንኳ የሚያገኘው ሰንጠረዡ የተጻፈበትን ኮድ ነው፤ ቁጥሮቹ ከየት መጥተው እንዴት እንደተደመሩ የሚናገር አንድም መስመር አያገኝም። ድምሩን የሠራው ስክሪፕት ከሰርቨሩ ንቅንቅ አላለም። የሶፍትዌር ኪራይ ጥቅሙም ጣጣውም ከዚህች ባሕርይ የሚመነጭ ነው።

ድረ-ገጾች ሲጀመሩ እንዲህ አልነበሩም፤ አስቀድመው የተጻፉ፣ ለጠየቀ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነው የሚቀርቡ ፋይሎች ነበሩ። በ1993 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሱፐር ኮምፒውተር ማዕከል ባለሙያዎች ሰርቨሩ ጥያቄ ሲመጣለት ሌላ ፕሮግራም ቀስቅሶ መልሱን የሚያስተላልፍበትን ሲጂአይ የተባለ ደንብ አወጡ። በ1994 ደግሞ ግሪንላንድ የተወለደው ራስመስ ለርዶርፍ ኢንተርኔት ላይ ያወጣውን የሥራ ልምድ መግለጫውን ማን እንደሚጎበኘው ለመከታተል ትንንሽ ፕሮግራሞች ጻፈ፤ በሰኔ 1995 ለፈለገ ሁሉ በነፃ ለቀቃቸው። ፒኤችፒ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተወለደው እንዲህ ነው። ፒኤችፒ ያመጣው ቁም ነገር ቀላልነት ነው፦ ሰው የሚያነበውን ጽሑፍ እንደተለመደው ጽፎ፣ ቀኑ ወይም የደንበኛው ስም መግባት ያለበት ቦታ ላይ አጭር ትእዛዝ መሰካት በቂ ሆነ። የሙያው ሰዎች ቋንቋው የተዝረከረከ ነው እያሉ እስከ ዛሬ ያሙታል፤ ሐሜቱም መሠረት የለውም አይባልም። ቢሆንም ውክፔዲያ የሚሠራበት ሶፍትዌር የተጻፈው በእሱ ነው፤ ፌስቡክም በ2004 ሲጀመር የተጻፈው በእሱ ነበር።

ስክሪፕቱ ሰርቨር ላይ መቅረቱ ለንግድ ምን እንደሚፈይድ ቀድመው ከገባቸው መካከል ፖል ግራሃምና ሮበርት ሞሪስ ይገኙበታል። በ1995 ቪያዌብ የተባለ ኩባንያ አቋቁመው ነጋዴዎች ምንም ሳይጭኑ በብሮውዘር ብቻ የኢንተርኔት ሱቅ የሚሠሩበትን ፕሮግራም ማከራየት ጀመሩ። ግራሃም በኋላ እንደተናገረው ደንበኛ ደውሎ ብልሽት ሲያመለክት፣ እሱ በደንበኛው መለያ ገብቶ ብልሽቱን ያገኝና ደንበኛው ስልኩን ሳይዘጋ አስተካክሎ የሚጨርስበት ጊዜ ነበር። በዚያ ዘመን የሌላ ሶፍትዌር ተጠቃሚ እርማት ለማግኘት አዲስ ሲዲ ታትሞ እስኪመጣ ወራት ይጠብቅ ነበር። ያሁ በ1998 ቪያዌብን ገዛው። በዓመቱ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተመሠረተው ሴልስፎርስ ደግሞ የሽያጭና የደንበኞች መዝገብን በዚሁ መንገድ ማከራየት ያዘ፤ ሶፍትዌር ሻጭ ሆኖ ሳለ «ሶፍትዌር» የሚለውን ቃል በቀይ መስመር የሰረዘ ምልክት ማስታወቂያው ላይ መለጠፉ ሳያስቅ አይቀርም። የእንዲህ ዓይነቱ አከራይ አሠራር ለሁሉም ደንበኛ አንድ ኮድ ማስኬድ ነው። የሺህ ድርጅቶች መረጃ በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ ጎን ለጎን ሊቀመጥ ይችላል፤ የሚለየው እያንዳንዱ ረድፍ ላይ የተጻፈው የድርጅቱ መለያ ቁጥር ነው። እርማት አንድ ቦታ ላይ ሲደረግ ሺዎቹ በአንድ ጊዜ ይጠቀማሉ። ዋጋው የሚቀንሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

እርማቱ በአንድ ጊዜ ለሁሉም የሚደርስ ከሆነ ውሳኔውም እንዲሁ ይደርሳል። ጉግል በ2013 ሪደር የተባለውን የዜና መሰብሰቢያ አገልግሎቱን ሲዘጋ የዕለት ሥራቸው አድርገው የሚጠቀሙበት ብዙ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን የቆየውን ቅጂ ይዞ መቀጠል የሚባል አማራጭ አልነበረም፤ ቅጂ የሚባል ነገር እጃቸው ላይ የለማ። አዶቢ በዚያው ዓመት ፎቶሾፕንና መሰሎቹን አንዴ ገዝቶ ለዘለቄታው መያዝን ለአዳዲስ እትሞች እንደሚያቆም፣ ወደፊት ኪራይ ብቻ እንደሚሆን አስታወቀ። ፎቶሾፕ አሁንም የሚሠራው ተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ፈቃዱ መኖሩን የሚያረጋግጠው ግን የኩባንያው ሰርቨር ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በ2019 ታየ። አሜሪካ በቬንዙዌላ ላይ ማዕቀብ ስትጥል አዶቢ የሀገሪቱን ደንበኞች መለያ እንደሚዘጋ አስታውቆ፣ ፋይሎቻቸውን እስከ ኦክቶበር 28 እንዲያወርዱ ነገራቸው። በኋላ ከአሜሪካ መንግሥት ፈቃድ አግኝቶ አገልግሎቱ ቀጠለ እንጂ፣ ካራካስ ያለ የፎቶ ባለሙያ ባላጠፋው ጥፋት የእንጀራው መሣሪያ ዋሽንግተን በተፈረመ ወረቀት ሊቆለፍበት ሳምንታት ቀርተውት ነበር።

ይህን የሚሰማ ሰው ድሮስ ባለቤቶች መቼ ነበርን ሊል ይችላል። እውነት አለው። በሳጥን ታሽጎ የሚሸጠው ሶፍትዌርም ቢሆን በሕግ ዓይን የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ንብረት አልነበረም። እኛ ዘንድ ደግሞ ብዙው ኮምፒውተር ላይ የተጫነው የተቀዳ ሲዲ፣ ክራክ የተደረገና ብዙ ጊዜም ቫይረስ ያዘለ ነበር። ሃርድ ዲስኩ ሲቃጠል የአምስት ዓመት ሂሳብ አብሮ የጠፋበት ድርጅት ጥቂት አይደለም። አከራዩ ኩባንያ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሰርቨር የሚጠብቅ ባለሙያ ቀጥሮ፣ መረጃውን ከአንድ በላይ ቦታ ገልብጦ ያስቀምጣል፤ አንድ ሱቅ ይህን በራሱ ገንዘብ ሊሠራው አይችልም። ስለዚህ ኪራይን ጨርሶ አትንኩት ማለት ከንቱ ምክር ነው፤ እኔም አልልም። ልዩነቱ አንድ ነው፦ የተጫነው ፕሮግራም ሻጩ ቢከስርም፣ ቢጣላም፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ጠዋት ሲነሱ ይከፈታል። በ2020 ክረምት ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ መዝገቡ ውጭ ሀገር ሰርቨር ላይ የነበረ ድርጅት የራሱን የደንበኞች ዝርዝር ማየት አይችልም ነበር። በሰላሙም ጊዜ ክፍያው በዶላር ስለሆነ፣ ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ካልከፈለለት በስተቀር ውሉን ማደስ የሚቸገር አለ። እነዚህ ጣጣዎች ማስታወቂያው ላይ ከተጻፈው ወርሃዊ ዋጋ ውስጥ አይታዩም።

ሌላም አለ፤ የተከራዩትን ፕሮግራም ማስተካከል አይቻልም። ጳጉሜንን እንውሰድ። ብዙዎቹ የውጭ የሂሳብ ፕሮግራሞች ዓመት 12 ወር ነው ብለው ስለሚነሱ ጳጉሜን 3 ቀን የተቆረጠ ደረሰኝ በቀኑ የሚገባበት ቦታ የለውም። ሠራተኛው ወደ ሴፕቴምበር 8 ለውጦ ይጽፈዋል፤ ወረቀቱ ላይ አንድ ቀን፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ቀን ይቀመጣል፤ ኦዲተር ሲመጣ ሁለቱን ማስታረቅ የሰው ሥራ ይሆናል። ስክሪፕቱ እጅ ላይ ቢሆን ኖሮ አንድ ደህና ፕሮግራመር አሥራ ሦስተኛውን ወር ጨምሮ በጥቂት ቀን ይገላግል ነበር። የነፃ ሶፍትዌር አቀንቃኙ ሪቻርድ ስቶልማን በ2010 በጻፈው ጽሑፍ በሌላ ሰው ሰርቨር ላይ የራስን ሥራ ማሠራት የኮዱን ምንጭ ከመከልከልም የባሰ ነው ብሎ ተከራክሯል፤ ተጠቃሚው የሚሮጠውን ፕሮግራም እንኳ አያገኘውምና። እሱ ያቋቋመው ድርጅት የታወቀበት የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድም ክፍተት ነበረበት፦ ግዴታው የሚመጣው ፕሮግራሙን ለሌላ ሰው ሲሰጡት ነው፤ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ ውጤቱን ብቻ የሚልክ ኩባንያ ለማንም አልሰጠም። በ2007 አፌሮ የተባለው ፈቃድ አዲስ እትም የወጣው ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነው። የስቶልማን መደምደሚያ ግን ለእኔ ይከብደኛል። ሁሉም የራሱን ሰርቨር ያስተዳድር ማለት የስልክ መደብር ባለቤት የኔትወርክ ባለሙያ ይሁን እንደማለት ነው።

አከራዮቹ በበኩላቸው መረጃውን አውርድ የሚል ቁልፍ አለን ይላሉ። አለ፤ ግን የሚያወርደው ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ሲኤስቪ የሚባል፣ በነጠላ ሰረዝ የተከፋፈለ ጥሬ ጽሑፍ ነው። የደንበኞቹ ዝርዝር በአንድ ፋይል፣ ደረሰኞቹ በሌላ ይመጣሉ፤ የትኛው ደረሰኝ የማን እንደሆነ የሚያገናኘው ቁጥር ሳይወርድ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የተያያዙት ፎቶዎችና የውል ቅጂዎች፣ ማን መቼ ምን እንደለወጠ የሚናገረው ታሪክም ብዙ ጊዜ አብረው አይወጡም። ያወረደው ሰው ፋይሉን በኤክሴል ሁለቴ ጠቅ አድርጎ ሲከፍት ደግሞ «አልማዝ» የነበረው የማይነበብ የምልክት ጥርቅም ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። መረጃው አልጠፋም፤ ኤክሴል የፊደሉን አጻጻፍ በስሕተት ገምቶ ነው፤ በዳታ ማስገቢያው በኩል ዩቲኤፍ 8 ብሎ መርጦ ማስገባት ያስተካክለዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ግን መረጃዬ ተበላሸ ብሎ ኪራዩን መክፈሉን ይቀጥላል።

መሐል መንገድ እንዳለ የሚያሳየው ዎርድፕሬስ ነው። በ2003 የተጀመረው ይህ በፒኤችፒ የተጻፈ ሶፍትዌር ዛሬ ከዓለም ድረ-ገጾች 40 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ያስኬዳል። እሱን መከራየት ይቻላል፤ ሁሉን ነገር የሚያስተዳድሩ አከራዮች ሞልተዋል። ከአንዱ ጋር ያልተስማማ ደንበኛ ግን ፋይሎቹንና ዳታቤዙን ጠቅልሎ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ካሻውም አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር ላይ ይተክለዋል፤ ሶፍትዌሩ እዚያም ያው ነው። ኪራዩ የጥበቃና የጥገና ዋጋ ይሆናል እንጂ የእስር ገመድ አይሆንም። እንዲህ ዓይነቱ ምንጩ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ለሂሳብና ለዕቃ ቁጥጥርም አለ፤ ቤልጅየም የተጀመረው ኦዱ አንዱ ነው፣ የማኅበረሰብ እትሙን ወስዶ ለጳጉሜን ማስተካከል ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረትም ነገሩን ለገበያው ብቻ አልተወውም። ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዳታ ሕጉ ክላውድ የሚባለው የዚህ ዓይነት አገልግሎት አከራዮች ደንበኛቸው ወደ ሌላ አከራይ ሲሄድ እንዲተባበሩ ያስገድዳል፤ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2027 ጀምሮ ለመልቀቂያ ማስከፈልንም ይከለክላል።

እንዲህ ያለ ሕግ የማይጠብቀው ደንበኛ ሕጉን በውሉ ውስጥ ማስገባት፣ ከውሉም በፊት መሞከር ይችላል። አከራዮቹ የሙከራ መለያ በነፃ ስለሚሰጡ ወጪ የለውም። በአማርኛ የተጻፉ ጥቂት የደንበኛ ስሞች፣ ጳጉሜን ላይ የተቆረጠ አንድ ደረሰኝ፣ ከደረሰኙ ጋር የተያያዘ አንድ ፎቶ ማስገባት ነው። ከዚያ ሁሉንም አውርዶ ለሌላ ፕሮግራመር መስጠት ነው። ፕሮግራመሩ ፋይሉን ከፍቶ ስሙን ማንበብ፣ ደረሰኙን ከባለቤቱና ከፎቶው ጋር ማገናኘት ከቻለ መፈረም ይቻላል።