ፒንግ፦ ከሶዶ ተነስቶ ባሕር ተሻግሮ የሚመለሰው ምልክት

በወላይታ ሶዶ ሰፈሮች ፕሌይስቴሽን ቤት ማግኘት አይከብድም። ሁለት ልጆች አንድ ስክሪን ፊት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ጆይስቲኩ ሲጫንና ተጫዋቹ ሲሮጥ በመካከሉ ሰው የሚያስተውለው መዘግየት የለም። ያው ልጅ ማታ ቤቱ ገብቶ በስልኩ ኢፉትቦል ወይም ፐብጂ ሞባይል ሲከፍት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኳስ አቀብሎ ተጫዋቹ ተገትሮ ይቀራል፤ አነጣጥሮ የተኮሰበት ጠላት ከግድግዳ ጀርባ ገብቶ ያመልጣል፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ቁጥር ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ ይለወጣል። ተጫዋቾች ችግሩን «ላግ»፣ ቁጥሩን «ፒንግ» ይሉታል።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በጅምላ «ኔትወርኩ» ላይ ይወድቃል። ቁጥሩ ግን የአንድ ቦታ ውጤት አይደለም። የቤቱ ዋይፋይ፣ ከሶዶ አዲስ አበባ የሚደርሰው መስመር፣ ከዚያም ባሕር ማዶ ያለው ጉዞ ተደምረው ነው አንድ ፒንግ የሚሆኑት። ከእነዚህ አንዱ ራውተሩን ከቁም ሳጥን ጀርባ በማውጣት ይስተካከላል፤ ሌላው በማንም እጅ አይስተካከልም። ላግ ማከም የሚጀምረው የትኛው የት እንዳለ በመለየት ነው።

ፒንግ የሚለካው በሚሊሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ወላይታ ድቻ የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት ረትቶ ከካፍ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ሲያስወጣ የተመለከተ ሰው፣ በ11 ሜትር ርቀት ግብ ጠባቂ ምን ያህል ጊዜ እንዳለው አይጠፋውም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የተመታ ኳስ ያንን ርቀት በ400 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል። ፒንጉ 400 የሆነ ተጫዋች የኳሱን መነሳት የሚያየው 200 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ነው፤ በዚያው ቅጽበት ቢጫን እንኳ ትእዛዙ ሰርቨሩ ጋ ለመድረስ ሌላ 200 ይፈጅበታል። ግብ ጠባቂው መወርወር ሲጀምር ኳሱ መረቡ ውስጥ ነው።

መለኪያው ከጌሙ በዕድሜ ይበልጣል። በታኅሣሥ 1983 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጦር የባሊስቲክ ምርምር ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ማይክ ሙስ፣ ግራ ያጋባውን የኔትወርክ ብልሽት ለማግኘት ሲል በአንድ ምሽት አጭር ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሙ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ትንሽ መልእክት ይልካል፣ መልስ ይጠብቃል፣ ደርሶ መልሱ የፈጀውን ጊዜ ያሳውቃል። ዛሬም እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ያለው «ፒንግ» የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ በጌሙ ስክሪን ላይ የሚታየው ቁጥርም የተመዘነው በዚያው ሐሳብ ነው።

ምልክቱ ከሶዶ ሲነሳ በአብዛኛው መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በጎረቤት አገሮች በኩል ነው፤ በጅቡቲ፣ በኬንያ ወይም በሱዳን። ጅቡቲ በርካታ የባሕር ውስጥ ኬብሎች የሚያርፉባት ወደብ ናት። ወደ አውሮፓ የሚሄደው ምልክት እዚያ ከባሕር ኬብሉ ጋር ይገናኝና ቀይ ባሕርን ወደ ላይ ይወጣል፣ ግብጽን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይገባል፤ ማርሴይ ላይ ወደ የብስ ወጥቶ ፍራንክፈርት ይደርሳል። ብዙ የጌም ኩባንያዎች የአውሮፓ ሰርቨራቸውን ያስቀመጡት በዚህች የጀርመን ከተማ ነው።

ይህ ጉዞ ከተወሰነ በታች የማይወርድ የጊዜ ዋጋ አለው። ብርሃን በባዶ ሕዋ ውስጥ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በፋይበር መስታወት ውስጥ ግን ወደ 200,000 ይወርዳል። ስሌቱ ለማስታወስ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ 100 ኪሎ ሜትር ፋይበር ለደርሶ መልስ አንድ ሚሊሰከንድ ያስከፍላል። ከሶዶ እስከ ፍራንክፈርት በአየር ላይ 5,500 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ቀጥ ያለ ኬብል ቢኖር እንኳ ፒንጉ ከ55 በታች አይወርድም። ኬብሉ ደግሞ ቀጥ ያለ አይደለም። በአዲስ አበባና በጅቡቲ ዞሮ፣ ሁለት ባሕር ተከትሎ ከ7,000 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ከ70 ሚሊሰከንድ በላይ የሚሆነው ለመንገዱ ብቻ ይሄዳል። በየመገናኛው ያሉት ራውተሮችና የስልኩ ሬድዮ ድርሻቸውን ሲጨምሩ ከ100 በላይ ማየት የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ከሶዶ ሆኖ በአውሮፓ ሰርቨር ላይ 130 የሚያይ ተጫዋች የሚጠገን ብልሽት ላይኖርበት ይችላል፤ 350 የሚያይ ግን አንድ ቦታ ችግር አለበት።

አንዳንዴ ችግሩ በእርግጥም ባሕር ውስጥ ይሆናል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የየመን ሁቲዎች የመቷት ሩቢማር የተባለች መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ስትንሳፈፍ፣ የጎተተችው መልሕቅ ኤኤኢ 1፣ ኢአይጂና ሲኮም የተባሉትን ኬብሎች ሳይበጥስ እንዳልቀረ ይታመናል። በጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ጂዳ አካባቢ ሌሎች ኬብሎች ተቆረጡ፤ ማይክሮሶፍትም በመካከለኛው ምሥራቅ የሚያልፈው፣ አዙር የተባለው የክላውድ አገልግሎቱ መዘግየት ሊጨምር እንደሚችል ለደንበኞቹ አስታወቀ። እንዲህ ባለ ጊዜ ኢንተርኔት አይጠፋም፤ ትራፊኩ በሌላ፣ ብዙ ጊዜ በረዘመና በተጨናነቀ መንገድ ይዞራል። በአንድ ቀን ውስጥ የሁሉም ጎረቤት ፒንግ በአንድነት ከጨመረና ቀናት ከቆየ፣ ራውተር ማጥፋትና ማብራት ምንም አይፈይድም።

ታዲያ ቀረብ ያለ ሰርቨር አይሻልም? እዚህ ላይ ካርታው ያሳስታል። ከሶዶ በአየር ሲለካ ባሕሬን 2,500 ኪሎ ሜትር፣ ጆሃንስበርግ 3,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ሁለቱም ከፍራንክፈርት ይቀርባሉ። በየአካባቢያቸው ሰርቨርም አለ፦ አማዞን የዳታ ማዕከሎቹን በ2019 እ.ኤ.አ. ባሕሬን፣ በ2020 ኬፕ ታውን፣ በ2022 የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ከፍቷል፤ ካውንተር ስትራይክ በዱባይና በጆሃንስበርግ፣ ቫሎራንት በባሕሬንና በኬፕ ታውን ሰርቨር አላቸው። ነገር ግን ምልክቱ የሚሄደው የቴሌኮም ኩባንያዎች በተዋዋሉበት መስመር ነው። ባሕሬን ለመድረስ መጀመሪያ አውሮፓ ወጥቶ የሚመለስ ከሆነ፣ ቅርቡ ሰርቨር ከሩቁ የባሰ ፒንግ ይሰጣል። ስለዚህ በጌሙ ሜኑ ውስጥ ያሉትን ክልሎች ሁሉ አንድ በአንድ ሞክሮ ቁጥራቸውን መጻፍ ይሻላል። ሙከራው በሌላ ሰዓትና በሌላ ቀን መደገም አለበት፤ መስመር ይለዋወጣልና።

ኢፉትቦል ደግሞ ለብቻው ይታያል። በአብዛኛው ጨዋታው የሚካሄደው በሁለቱ ተጫዋቾች መካከል በሚዘረጋ ቀጥታ ግንኙነት ስለሆነ፣ ወሳኙ የተጋጣሚው ርቀትና የተጋጣሚው ዋይፋይ ጭምር ነው። የሶዶው ልጅ ምንም ያህል ጥሩ መስመር ቢኖረው፣ ከሌላ አህጉር ከተገጠመ ወይም ተጋጣሚው ደካማ ኔትወርክ ላይ ካለ ኳሱ መጎተቱ አይቀርም። ጌሙ ከጨዋታው በፊት የተጋጣሚውን የግንኙነት ጥራት ያሳያል፤ ብዙ ሰው የሚያማርረው ያንን ሳያይ «እሺ» ብሎ ነው።

አሁን ወደ ቤት። ኮምፒውተር ያለው ሰው የመጀመሪያውን ምርመራ በአንድ ደቂቃ ይጨርሳል፦ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቶ ራሱን ራውተሩን ፒንግ ማድረግ ነው፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። መልሱ ከ1 እስከ 5 ሚሊሰከንድ ከሆነ ቤቱ ጤነኛ ነው። አንዴ 3፣ አንዴ 80፣ አንዴ 200 እያለ የሚዘል ከሆነ ግን ምልክቱ ገና ከግቢው ሳይወጣ ነው የተጎዳው። የተለመደው ምክንያት የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ነው። በዚህ ሞገድ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ጎረቤቶች ሁሉ አንዱ ላይ ሲሰፍሩ ተራ መጠበቅ ይመጣል። መፍትሔው በቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ከተቻለ ኬብል መሰካት፣ ካልተቻለ ወደ 5 ጊጋኸርዝ መቀየር፣ ያም ከሌለ ቻናል መለወጥና ራውተሩን ከፍ አድርጎ ግልጽ ቦታ ላይ ማስቀመጥ።

ሁለተኛው ምርመራ ሌላው የቤት ሰው በሚሠራበት ሰዓት ነው። ማንም ሳይጠቀም ፒንጉ 130፣ እህት ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ስትጭን ወይም ስልክ ፎቶ ወደ ጉግል ሲያስቀምጥ 600 የሚሆን ከሆነ በሽታው ይታወቃል። በ2010 እ.ኤ.አ. ጂም ጌቲስ የተባለ ኢንጂነር ቤቱ ውስጥ ፋይል ሲያስተላልፍ ይህንኑ አይቶ «በፈርብሎት» ብሎ ሰየመው። ራውተሮች ምንም መረጃ እንዳይጣል ብለው ከመጠን ያለፈ ወረፋ ይይዛሉ፤ የጌሙ ትንሽ መልእክትም ከትልቁ ቪዲዮ ኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። ራውተሩ የትራፊክ ቅደም ተከተል ማስተካከያ ካለው የመላኪያውን ፍጥነት ከአቅሙ ትንሽ ዝቅ አድርጎ መገደብ ወረፋውን ያሳጥረዋል። ከሌለው ደግሞ በጨዋታ ሰዓት የአፕ ማደሻንና የፎቶ ማስቀመጫን ማቆም ያው ውጤት አለው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ግራ መጋባት አለ። ዩቲዩብ ያለችግር እየሄደ ጌሙ እንዴት ይጎተታል? ቪዲዮ ቀድሞ ወርዶ ይጠራቀማል፤ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ተመልካቹ አያውቀውም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰራጭ የነበረው የፕላዝማ ትምህርትም ከመሬት 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ሳተላይት ተንጸባርቆ ይመጣ ነበር፤ ጉዞው በአንድ አቅጣጫ ስለነበር ግን ማንም በመዘግየቱ አልተቸገረም። በዚያው ሳተላይት ጌም ቢሞከር ደርሶ መልሱ ብቻ ወደ 480 ሚሊሰከንድ ይፈጅ ነበር። ጌም ብዙ ዳታ አይፈልግም፤ ተኩስና ሩጫ ያለበት የስልክ ጌም በሰዓት የሚበላው በአብዛኛው በአሥሮች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው። ትልቅ ፓኬጅ መግዛት ፒንግ የማያወርደው ለዚህ ነው።

በሞባይል ዳታ የሚጫወት ሰው ራውተር የለውም፤ የእሱ ፈተና ሬድዮው ነው። ስልኩ ከ4ጂ ወደ 3ጂ ሲወርድ ፒንጉ በአንድ ጊዜ ይዘላል፤ በሴቲንግ 4ጂ ላይ ማጽናት ብዙውን ጊዜ ይረዳል። የቆርቆሮ ክዳንና ቆርቆሮ በር ሲግናል ይጋርዳሉ፤ ከጓዳ ወደ መስኮት መውጣት ለውጥ ያመጣል። ሰዓቱም አለ። ሶዶ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል የሆነች ከተማ ናት። ከምሽቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ተማሪውም ሠራተኛውም ስልኩን ሲከፍት የአንድ አንቴና አቅም ለሁሉም ይከፋፈላል። ማለዳ 130 የነበረ ፒንግ ማታ 250 ከሆነ ምክንያቱ ርቀት ሊሆን አይችልም፤ ፍራንክፈርት ማታ አይርቅም። በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ አማራጭ አለ፤ የሁለቱም ሲግናል ባለበት ሰፈር በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ሰርቨር ሁለቱን ሲም ማወዳደር ብዙ ጥያቄ ይመልሳል።

ቁጥሩ ትልቅ ከመሆኑ ይልቅ መወላወሉ የሚያበላሽበት ጊዜ ብዙ ነው። በቋሚ 140 የሚጫወት ሰው እጁን ያለማምዳል፤ ጌሞቹም ያግዙታል። ከ1996 እ.ኤ.አ. ኩዌክወርልድ ጀምሮ የተጫዋቹ ኮምፒውተር የሰርቨሩን መልስ ሳይጠብቅ እንቅስቃሴውን ገምቶ ያሳያል፤ እንደ ካውንተር ስትራይክ ያሉትም ሰርቨሩ ጊዜውን ወደ ኋላ መልሶ ተኳሹ ያየውን ቦታ እንዲመረምር ያደርጋሉ። ከግድግዳ ጀርባ ከገቡ በኋላ መሞት የሚመጣው ከዚህ ነው። ፒንጉ ከ60 ወደ 300 እየዘለለ ወይም መልእክቶች መንገድ ላይ እየጠፉ ከሆነ ግን ግምቱ ይሳሳታል፤ ተጫዋቹም ወደ ኋላ እየተጎተተ ይመለሳል።

ቪፒኤን መፍትሔ ነው የሚሉም አሉ። ተጨማሪ ፌርማታ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፒንግ ይጨምራል። የሚረዳው የኦፕሬተሩ መስመር ጠማማ ሆኖ የቪፒኤኑ ቀጥ ያለ ሲሆን ብቻ ነው፤ ያም በሙከራ እንጂ በማስታወቂያ አይታወቅም። 8.8.8.8ን ፒንግ ማድረግም ሁሉን አይናገርም፤ ይህ የጉግል አድራሻ በብዙ አገሮች ያሉ ማሽኖች የሚጋሩት ስለሆነ የሚመልሰው በመስመሩ የቀረበው ማሽን ነው። የጌሙ ሰርቨር ሌላ አህጉር ሊሆን ይችላል። መንገዱን ፌርማታ በፌርማታ የሚዘረዝረው ትሬስራውት የተባለው ፕሮግራም ጭማሪው የት እንደጀመረ ይጠቁማል። ሰዓቱን፣ የራውተሩን ፒንግና ይህንን ዝርዝር ይዞ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 የሚደውል ደንበኛ «ኔትወርክ የለም» ከሚለው ይልቅ የሚሠራበት ነገር ለባለሙያው ይሰጣል።

ከዚህ በላይ ፒንጉን ሊያወርድ የሚችለው የሰርቨሩ መቅረብ ነው። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ራክሲዮና ዊንጉ የተባሉ ኩባንያዎች የዳታ ማዕከል አላቸው። ከሶዶ እስከዚያ ያለው ፋይበር 500 ኪሎ ሜትር ቢሆን እንኳ ደርሶ መልሱ 5 ሚሊሰከንድ ነው፤ የ4ጂ ሬድዮው በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ቢጨምርበትም የሶዶው ተጫዋች ዛሬ የፍራንክፈርት ልጆች ብቻ ወደሚያዩት ቁጥር ይቀርባል። የጌም ኩባንያዎች ሰርቨር የሚተክሉት ግን የሚከፍልና በየምሽቱ የሚገባ ተጫዋች በበቂ ቁጥር ባገኙበት አገር ነው።