ፎቶግራፍ ነፍስ ሲዘራ፦ «ላ ዤቴ» የተሰኘው ፊልም እንዴት ተሠራ?

ሲኒማን በአማርኛ «ተንቀሳቃሽ ምስል» እንለዋለን። በፊልም ጥቅልል ላይ ግን የሚንቀሳቀስ አንዳችም ነገር የለም። ጥቅልሉ ተዘርግቶ ቢታይ በተርታ የተቀመጡ ነጠላ ፎቶግራፎች ናቸው። በአንድ ሰከንድ 24 ምስሎች በብርሃን ፊት ተከታትለው ሲያልፉ፣ ዓይናችን በመካከላቸው ያለውን ክፍተት መለየት ስለሚሳነው ሰው የተራመደ፣ ቅጠል የተወዛወዘ ይመስለናል።

ፈረንሳዊው የፊልም ባለሙያ ክሪስ ማርከር ይህን ምስጢር የገለጠበት «ላ ዤቴ» የተሰኘ ሥራው እ.ኤ.አ. የ1962 ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ሲሆን 28 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ከጥቂት ሰከንዶች በቀር የተሠራው ከማይንቀሳቀሱ ፎቶግራፎች ብቻ ነው። ማርከርም በመክፈቻው ጽሑፍ «የፎቶ ልቦለድ» ብሎታል።

ርዕሱ ተርጓሚን ያስቸግራል። «ዤቴ» ከወደብ ወደ ባሕር ዘልቆ የሚገባ ግንብ ማለት ነው። በፊልሙ ውስጥ ግን በፓሪስ ኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ቤተሰቦች አውሮፕላን ሲነሣና ሲያርፍ ለማየት የሚወጡበት ረጅም ሰገነት ነው። በፈረንሳይኛ ሲነገር ደግሞ «እዚያ ነበርኩ» ከሚለው ሐረግ ጋር በድምፅ ይቀራረባል። ሁለቱን በአንድነት የሚሸከም የአማርኛ ቃል ስለሌለ እንዳለ ትቼዋለሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ሕፃን እሑድ ቀን በዚያ ሰገነት ላይ የአንዲትን ሴት ፊት ያያል፤ ወዲያውም አንድ ሰው ሲወድቅ ይመለከታል። ከዚያ በኋላ ሦስተኛው የዓለም ጦርነት ፓሪስን ያወድማል፤ የተረፉት ከምድር በታች ይኖራሉ። አሸናፊዎቹ እስረኞችን በጊዜ ውስጥ ወደ ኋላ ለመላክ ይሞክራሉ። ያ ሕፃን አድጎ እስረኛ ሆኗል፤ ለሙከራው የተመረጠውም የሴቲቱ ፊት ከልቡ ስላልጠፋ ነው። ፍጻሜውን ላላየው ሰው ብተወው ይሻላል።

ፎቶግራፎቹ ሕይወት የሚያገኙበት መንገድ ሲታይ ቀላል ይመስላል። አንድን ፎቶግራፍ ለአምስት ሰከንድ ለማቆየት ያው ምስል በጥቅልሉ ላይ 120 ጊዜ ይደገማል። ማርከር አንዱን ምስል ለረጅም ጊዜ ያቆያል፣ ሌላውን በቶሎ ያሳልፋል። አንዳንዴ የፊተኛው ምስል እየደበዘዘ የኋለኛው በላዩ እየጎላ ይመጣል፤ አንዳንዴም ሁሉም ወደ ጨለማ ይሰጥማል። የቀረውን ድምፅ ይሠራዋል፦ የአንድ ተራኪ ረጋ ያለ ንባብ፣ የልብ ትርታ፣ የሩሲያ ኦርቶዶክስ መዘምራን ዜማ። በሙከራው ክፍል የሚሰማው ሹክሹክታ ጀርመንኛ ነው፤ የናዚን ወረራ ላሳለፈ የፓሪስ ተመልካች ትርጉሙ ማብራሪያ አያሻውም ነበር። ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው የእናቱን ፎቶግራፍ ትኩር ብሎ ሲመለከት ድምፅዋ በጆሮው እንደሚያቃጭልበት ሁሉ፣ እዚህም ምስሉን የሚያንቀሳቅሰው ጆሮ ነው።

የፊልሙ ልብ ግን አንዲት ቅጽበት ናት። ሴቲቱ ተኝታለች። ፎቶግራፎቿ አንዱ በሌላው ውስጥ እየሟሙ ያልፋሉ፤ የወፎች ዝማሬ እየበረታ ይሄዳል፤ የምስሎቹ ለውጥም እየፈጠነ ይመጣል። ከዚያ ዓይኖቿን ትገልጣለች፣ ታርገበግባቸዋለች፣ ወደ እኛ ትመለከታለች። በፊልሙ ውስጥ በእርግጥ የሚንቀሳቀስ ምስል ይህ ብቻ ነው። ወዲያው ተቋርጦ የሙከራው መሪ ፊት ይተካል። በሌላ ፊልም ማንም ልብ የማይለው የዓይን እርግብግቢት እዚህ የሚያስደነግጠው፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንቅስቃሴ ስለተነፈግን ነው። አንዳንድ ተመልካቾች ትዕይንቱን በትክክል ማየታቸውን ተጠራጥረው ወደ ኋላ ቢመልሱት አይፈረድባቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1995 ቴሪ ጊሊያም ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ «አሥራ ሁለት ዝንጀሮዎች» የተሰኘውን ትልቅ ፊልም ሠርቷል፤ ታሪኩን ወሰደ እንጂ የፎቶግራፉን ዘዴ አልወሰደም። ለዘዴው የምትቀርበው የማርከር ወዳጅ አኜስ ቫርዳ ናት። በኩባ ካነሣቻቸው ፎቶግራፎች እ.ኤ.አ. በ1963 «ሰላም ኩባውያን» የተሰኘ አጭር ዘጋቢ ፊልም አቀናብራለች። እርሷ የሄደችው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ ፎቶግራፎቹን በሙዚቃው ምት ልክ በፍጥነት ስትቀያይራቸው ዝነኛው ዘፋኝ ቤኒ ሞሬ በተመልካች ፊት ይጨፍራል። ሞሬ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ዐርፏል።