ጢሱን አስወጥተን እሳት እንዳናስገባ

በጫጫ ደጋ የኩበት ጢስ የእናቶችን ዓይን ሲያስለቅስና ሳንባቸውን ሲጎዳ ኖሯል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ ማድ ቤት መግባቱ ያስደስተናል። ነገር ግን ምጣዱን በነባሩ መስመር ላይ እንዲሁ መቀጠል ጢሱን አስወጥቶ እሳት ማስገባት ነው።

የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይፈልጋል፤ ይህም በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር ገደማ ነው። ለአምፖል የተዘረጋ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይህን ሸክም ተሸክሞ ሲቆይ ይግላል፤ ሽፋኑም በግድግዳው ውስጥ ሊቀልጥ ይችላል። ብሬከሩ ደጋግሞ ቢያቋርጥ ዘበኛው አደጋ መኖሩን መንገሩ ነው። ሽቦው ሳይለወጥ ብሬከሩን በትልቅ መተካት ዘበኛውን እንደ ማሰናበት ይቆጠራል።

ስለዚህ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ተጠርቶ ዋናውን ማብሪያ ያጥፋ፤ ከማከፋፈያው ሳጥን እስከ ምጣዱ 4 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የብቻ መስመር ከ25 አምፔር ብሬከር ጋር ይዘርጋ። የምጣዱም ብረት ከመሬት ሽቦ ጋር ይያያዝ። ይህ ካልሆነ የተላጠ ሽቦ ብረቱን በነካ ጊዜ፣ ሊጥ የነካው እርጥብ እጅ ሞትን ይጨብጣል። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው እንዲያስረዱ አደራ እንላለን።