ከምጣድ እስከ አንጎል፦ የነርቭ ሥርዓታችን ሲዳሰስ

እንጀራ ስትጋግር የጋለ ምጣድ የነካት ሴት እጇን የምትሰበስበው ገና ማቃጠሉ ሳይሰማት ነው። ሕመሙ ኋላ ይመጣል። በዚያች ቅጽበት የሆነውን የተከተለ ሰው የነርቭ ሥርዓትን ዋና ዋና ክፍሎች ያገኛቸዋል።

ሥርዓቱ ሁለት ክፍል አለው። ማዕከላዊው ክፍል በራስ ቅል ውስጥ ያለው አንጎልና በአከርካሪ አጥንቶች መሐል የሚወርደው ኅብለ ሰረሰር ነው። ዳርቻዊው ክፍል ደግሞ ከእነዚህ ወጥተው መላ አካልን የሚያዳርሱት ነርቮች ናቸው፤ 12 ጥንድ ከአንጎል፣ 31 ጥንድ ከኅብለ ሰረሰር።

የሁሉም መሠረት የነርቭ ሴል ነው። በሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ያህል ይገኛል። ሴሉ ዴንድራይት በሚባሉ ቅርንጫፎቹ መልእክት ይቀበላል፤ አክሰን በሚባል ረጅም ክሩ ይልካል። ከወገብ እስከ እግር የሚወርድ አክሰን አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል። መልእክቱ በአክሰን ላይ በኤሌክትሪክ ይጓዝና ሲናፕስ የተባለው ጠባብ ክፍተት ላይ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ በኬሚካል ይሻገራል። ይህንን ሳይንቲስቱ ኦቶ ሎዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 በእንቁራሪት ልብ አሳይቷል፤ ነርቩን ነክቶ ምቱን ካዘገየው ልብ የወሰደው ፈሳሽ የሌላውንም ልብ ምት አዘገየ።

የመልእክቱ ፍጥነት እንደ ክሩ ይለያያል። ማይሊን የተባለ ስብ የሸፈነው ወፍራም አክሰን በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ያስኬዳል፤ ያልተሸፈነው ቀጭን ክር ግን አንድ ሜትር ገደማ ብቻ። ሲያቃጥለን መጀመሪያ ጠቅ የሚያደርግ፣ ቆይቶም የሚለበልብ ሕመም የሚሰማን በሁለት ዓይነት ክሮች ስለሚመጣ ነው። እጅን የመሰብሰቡ ትእዛዝ ግን አንጎልን አይጠብቅም፤ ከኅብለ ሰረሰር ወዲያው ወደ ጡንቻ ይመለሳል። ይህ ሪፍሌክስ ይባላል።

1.4 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ የዕረፍት ጊዜ ጉልበታችንን 20 በመቶ ይወስዳል። ትልቁ ክፍል ያስባል፣ ያስታውሳል፣ ይናገራል፤ ግራው ጎን ቀኝ እጅና እግርን፣ ቀኙ ግራውን ያዛል። ስለዚህም በግራ አንጎል ላይ ስትሮክ የደረሰበት ሰው ቀኝ ጎኑ ሊዝል፣ ብዙ ጊዜም አንደበቱ ሊያዝ ይችላል። ከኋላ ያለው ንዑስ አንጎል ሚዛንንና የእንቅስቃሴን ቅንጅት ይጠብቃል። የአንጎል ግንድ ደግሞ ተኝተንም እንድንተነፍስ ያደርጋል።

ከፈቃዳችን ውጭ የሚሠሩ ነርቮችም አሉ። ሌሊት ጅብ የገጠመውን ሰው ልቡን የሚያስሮጡት፣ አፉን የሚያደርቁት ሲምፓቴቲክ ነርቮች ናቸው። ቤቱ ገብቶ ሲረጋጋ ልቡን የሚያበርዱትና ምግብ የሚያስፈጩት ፓራሲምፓቴቲኮቹ ናቸው።

ይህ ሥርዓት ሲጎዳ በቀላሉ አይጠገንም። የእጅና የእግር ነርቭ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ሊያድግ ይችላል፤ የተቆረጠ ኅብለ ሰረሰር ግን እንደዚያ አይመለስም። ስለዚህ ጥበቃው ይቀድማል። በአገራችን በድርቅ ጊዜ ጓያን ለወራት ዋና ምግባቸው ያደረጉ ሰዎች እግራቸው ደርቆ ቀርቷል፤ በጓያ ውስጥ ያለው መርዝ የእንቅስቃሴ ነርቮችን ይጎዳል፣ ፈውስም የለውም። የፅንስ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ የሚዘጋው በተፀነሰ በአራት ሳምንት ውስጥ፣ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነው፤ ስለዚህ ቱቦው በደንብ እንዲዘጋ የሚረዳው ፎሊክ አሲድ መወሰድ የሚጀምረው ከእርግዝና አስቀድሞ ነው።

የሚጥል በሽታም የነርቭ ሴሎች ኤሌክትሪክ ከልክ ሲያልፍ የሚመጣ ሕመም እንጂ ሌላ አይደለም። የወደቀን ሰው ክብሪት ማሽተት አይረዳውም፤ በጎኑ አስተኙት፣ በአፉ ምንም አታስገቡ፣ ሲነቃም ወደ ሐኪም ውሰዱት። አብዛኞቹ ታማሚዎች በመድኃኒት ከመጣሉ ያርፋሉ።