ከመኪናው በፊት እጁ ይሠልጥን፤ ስለ ድንገተኛ ርዳታ ሠራተኞች ዘመናዊ ትምህርት

ሕመም ቀጠሮ ሰጥቶ አይመጣም፤ አደጋም ቀን አይመርጥም። በአንድ ቤት ውስጥ ሰው ድንገት በወደቀ ጊዜ ወይም ነፍሰ ጡር በሌሊት ምጥ በጠናባት ጊዜ፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ ጆሮውን ወደ ደጅ አቅንቶ የአምቡላንሱን ድምፅ ይጠባበቃል። መኪናው ከበር ሲደርስም ሁሉም እፎይ ይላል። ይሁን እንጂ መኪናው በራሱ ሕክምና አይደለም፤ መንገድን የሚያሳጥር መጓጓዣ ነው። ሕይወትን የሚያድነው ከመኪናው የሚወርደው ሰው ነው፤ ያም ሰው ሊያድን የሚችለው እጁ የተማረውን ያህል ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚህ ጉዳይ እጅግ የተስማማ ነው። ስለዚህ የድንገተኛ ርዳታ ሠራተኞች ትምህርት ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፣ ዲጂታል የተባሉት አዳዲስ መሣሪያዎችም ምን እንደ ጨመሩለትና ምን ሊጨምሩለት እንደማይችሉ ለአንባብያን ልንገልጽ እንወዳለን።

የትምህርቱ አጀማመር

ልቡ የቆመን ሰው ደረቱን በመጫን ደሙ እንዲዘዋወር ማድረግ እንደሚቻል በሰፊው የታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ይሠሩ የነበሩት ኩዌንሆቨን፣ ጁድ እና ኒከርቦከር የተባሉት ሦስት ሊቃውንት የምርምራቸውን ውጤት በሕክምና መጽሔት አወጡ። በዚያው ከተማ ዶክተር ፒተር ሳፋር ደግሞ ትንፋሹ ለተቋረጠ ሰው በአፍ ትንፋሽ መስጠት የሚጠቅም መሆኑን ቀደም ብለው አሳይተው ነበር። ሁለቱ በተጣመሩ ጊዜ ዛሬ ሲ.ፒ.አር. እየተባለ የሚጠራው ርዳታ ተገኘ።

ነገር ግን ወዲያው አንድ ችግር ተነሣ፤ ይኸውም ተማሪው በምን ላይ ይለማመድ የሚል ነው። ልቡ በሚመታ ጤነኛ ሰው ላይ ደረትን በኃይል መጫን ጉዳት ያመጣል። መፍትሔውን ያገኙት አስሙንድ ላርዳል የተባሉ የኖርዌይ አሻንጉሊት ሠሪ ናቸው። እኒህ ሰው ሕፃን ልጃቸውን ውኃ ሊወስደው ሲል በጊዜ ደርሰው ያተረፉ አባት ስለ ነበሩ የጉዳዩን ክብደት ያውቁ ነበር። በ1960 ዓ.ም. በሰው ቁመት የተሠራች፣ ደረቷ የሚጫን፣ በአፏ ትንፋሽ የምትቀበል የመለማመጃ አሻንጉሊት አወጡ። ፊቷም በ19ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ ከሴን ወንዝ ሞታ ወጣች ከሚባልላት፣ ስሟ ካልታወቀ ወጣት የፊት ቅርጽ የተወሰደ ነው። እንግዲህ በዓለም ላይ ብዙ ሚልዮን ሰዎች ሕይወት ማዳንን የተማሩት በዚህች አሻንጉሊት ነው።

ዶክተር ሳፋር ኋላ ወደ ፒትስበርግ ከተማ ሄዱ። በዚያን ጊዜ በዚያ ከተማ ድንገተኛ ሕመምተኛን የሚያነሣው ብዙውን ጊዜ የፖሊስ መኪና ነበር፤ በመንገድ ላይ የሚያክመው ሰው ግን አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. ፍሪደም ሐውስ የተባለው የአምቡላንስ ድርጅት ሲቋቋም፣ ዶክተሩ ከከተማው ድኾች ሰፈር የመጡ፣ አብዛኞቹ ሥራ ያጡ ጥቁር አሜሪካውያንን ተቀብለው በጥልቅ አሠለጠኑ። እነዚህ ሰዎች በአገራቸው ከመጀመሪያዎቹ ፓራሜዲኮች መካከል ተቈጠሩ። ድርጅቱ በ1975 ዓ.ም. ቢዘጋም ትምህርቱ አልተዘጋም። ከዚህ የምንረዳው፣ የተናቀ የሚመስል ሰው እንኳ ተገቢውን ትምህርት ካገኘ የብዙዎች ሕይወት ጠባቂ ሊሆን መቻሉን ነው።

የሚያርም መሣሪያ

የቀድሞይቱ አሻንጉሊት አንድ ጉድለት ነበራት። ተማሪው በትክክል ይጫን ወይም አይጫን፣ የሚፈርደው የመምህሩ ዓይን ብቻ ነበር። የዐዋቂ ሰው ደረት ሲጫን ከ5 ሳንቲ ሜትር ማነስ፣ ከ6 ሳንቲ ሜትርም መብለጥ የለበትም፤ ፍጥነቱም በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መሆን አለበት፤ በየመካከሉም ደረቱ ሙሉ በሙሉ ሊመለስ ይገባዋል። ይህን ሁሉ በዓይን መለካት ለመምህሩም፣ በሚደክም ክንድ ለሚጫነው ተማሪም አስቸጋሪ ነው። ዛሬ ግን በአሻንጉሊቱ ውስጥ የተቀመጡ መለኪያዎች እያንዳንዱን ጭነት መዝግበው ወዲያው በታብሌት ወይም በእጅ ስልክ ላይ ያሳያሉ፤ «ጥልቀቱ አንሷል»፣ «ፈጥነሃል» ብለው ያርማሉ። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም ከ2019 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በዐዋቂዎች ሲ.ፒ.አር. ትምህርት እንዲህ ያለ አራሚ መሣሪያ የግድ እንዲኖር ደንግጓል።

ይህ አሠራር ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት የተማረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ተማሪው ከግእዝ ወደ ውርድ፣ ከውርድ ወደ ቁም ንባብ የሚሻገረው መምህሩ እያንዳንዷን ስሕተት በዚያችው ቅጽበት ሲያርሙለት ነው። ስሕተቱ ሳይታረም ያደረ እንደ ሆነ ልማድ ሆኖ ይቀራል። የቃል ትምህርትም በየማታው ካልተደገመ ይጠፋል። በእጅ የሚሠራ የሕክምና ጥበብም እንዲሁ ነው። አንድ ሠራተኛ በአንድ ሳምንት ሥልጠና የተማረው በጥቂት ወራት ውስጥ እየደበዘዘ እንደሚሄድ በብዙ ምርመራ ታውቋል። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ረጅም ሥልጠና ከመስጠት ይልቅ፣ በሥራ ቦታ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ አዘውትሮ መለማመድ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ዲጂታሉ መሣሪያም ትልቁ ጥቅሙ መምህሩ በሌለበት ሰዓት ይህን ድግግሞሽ የሚቻል ማድረጉ ነው።

በእጅ ስልክ የሚሰጥ ትምህርት

በአገራችን ገጠር የአምቡላንስ ዋና ሥራ ምጥ የያዛቸውን እናቶች ማድረስ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ካልተነፈሰ ርዳታው በመጀመሪያይቱ ደቂቃ መጀመር አለበት፤ መጽሐፍ ለመግለጥ ጊዜ የለም። የዴንማርክ ተቋማት ያዘጋጁት «ሴፍ ዴሊቨሪ» የተባለ የእጅ ስልክ ትምህርት ይህንና ሌሎችንም ርዳታዎች በአጫጭር ሥዕላዊ ፊልሞች ያሳያል፤ አንድ ጊዜ ከተጫነም በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ይህ ትምህርት ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ገጠር ከ70 በሚበልጡ የጤና ተቋማት ተፈትኗል። ስልኩን ያገኙት ሠራተኞች ከአንድ ዓመት በኋላ እንኳ ሕፃንን በማስተንፈስ ዕውቀትና የእጅ ሥራ ካላገኙት በልጠው ተገኙ። ከ1000 ልደት የሞቱት ሕፃናት ቍጥርም በአንደኛው ወገን 14፣ በሌላው 23 ነበር። ዳሩ ግን አጥኚዎቹ በ2016 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ ይህ ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ስለሚችል እንደ ማስረጃ ሊቈጠር እንደማይገባው በቅንነት ገልጠዋል። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው፤ የሠራተኛው ችሎታ መጨመሩ ታይቷል፤ የሞት መቀነሱ ግን ገና መረጋገጥ አለበት።

ብዙ ሰው የሚጐዳበት አደጋ

ከሁሉ የሚከብደው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጐዳ ነው። በዚያን ሰዓት ሠራተኛው ቀድሞ መርዳት ያለበት የሚጮኸውን ሳይሆን ዝም ያለውን ሊሆን ይችላል። ሕሙማንን እንደ ጉዳታቸው ክብደት በአረንጓዴ፣ በቢጫ፣ በቀይና በጥቁር ምልክት የመለየት ሥራ ትሪያጅ ይባላል። እንዲህ ያለውን አደጋ ለትምህርት ብሎ ማምጣት አይቻልም፤ በብዙ ሰው ትርኢት ማሳየትም ወጪው ከባድ ነው። አሁን ግን ተማሪው ቨርቹዋል ሪያሊቲ የተባለውን መነጽር አድርጎ፣ ጢሱንና ጩኸቱን በምስል እያየና እየሰማ የማንን ሕይወት አስቀድሞ ሊያድን እንደሚገባው ደጋግሞ መወሰንን ይለማመዳል። በደመራና በጥምቀት ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ በአንድ ሜዳ ለሚሰበሰብባት አገር የዚህ ልምምድ ጥቅም ግልጽ ነው።

መሣሪያው የማያስተምረው

ይህን ሁሉ ስንናገር መሣሪያን ለማምለክ አይደለም። መነጽር ቃሬዛን በጠባብ ቅያስ ውስጥ ማሳለፍን፣ በጭቃ ላይ ሕመምተኛን ሳያንገጫግጩ መሸከምን አያስተምርም። የደነገጠችን እናት በለዘበ ቃል ማረጋጋትም ከታብሌት አይገኝም፤ ይህ ከልምድ ካለው መምህርና ከቤት አስተዳደግ የሚገኝ ነው። ደግሞም መለዋወጫ የሌለው፣ ጠጋኝ ያልተማረለት መሣሪያ በቁም ሣጥን ተቈልፎ አቧራ ሲጠጣ ይኖራል። ስለዚህ ዕቃ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ለመምህሩ ደመወዝና ለሠራተኛው የመለማመጃ ሰዓት አብሮ ሊመድብ ይገባዋል።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ የቈየ ነው፤ አምቡላንሱም በ907 ይጠራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የድንገተኛ ሕክምና ልዩ ሐኪሞች ትምህርት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ተጀምሯል። መሠረቱ ስላለ የሚቀረው በዚያ ላይ መገንባት ነው።

የቤተ ሰብም ድርሻ አለ። የስልኩን ቍጥር ልጆች ሳይቀሩ ይወቁት፤ ቤቱ የሚገኝበትን ሰፈር በታወቀ ምልክት፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በትምህርት ቤት አጠገብ እያሉ መናገርን ይልመዱ፤ አንድ ሰው ወደ መንገዱ መገንጠያ ወጥቶ መኪናውን ይቀበል። በየደብሩ ያሉት የሰንበት ትምህርት ቤቶችም አዳራሻቸውን ለመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ቢከፍቱ መልካም ነው፤ ልብ በቆመች ጊዜ አንጎል ያለ ደም ሊታገሥ የሚችለው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለ ሆነ፣ የሠለጠነው ሠራተኛ እስኪደርስ ድረስ በቦታው ያለው ጎረቤት ነውና።